ያቺ የእኩል ምልክት ከየት መጣች?

9ኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ታስታውሱታላችሁ። «ኢኩዌሽኑን ባላንስ አድርጉ» ሲባል ግማሹ ክፍል የቁጥር ጨዋታ ነው የሚመስለው። በቀኝ በኩል አንድ ኦክስጅን ስትጎድል ከኤች ቱ ኦ ኋላ ትንሽ 2 ጣል ይደረጋል። ቁጥሩ ይገጥማል፤ ውሃው ግን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆኖ ቁጭ! ታሪኩን ብታውቁ ኖሮ እጃችሁ እዚያች ጋ አይሄድም ነበር እላለሁ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ኬሚስቶች ነገር ሲነድ «ፍሎጂስተን» የሚባል ነገር ከውስጡ ይወጣል ይሉ ነበር። እንጨት ነዶ አመድ ሲቀር ስታዩት ያሳምናል። ችግሩ ቲን ነው (የጣሪያውን ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም፣ ብረቱን ነው)፦ ሲቃጠል ይከብዳል። የወጣ ነገር ካለ እንዴት ይከብዳል?

ሮበርት ቦይል ቀደም ብሎ ቲን በታሸገ ብርጭቆ ውስጥ አግሎ ነበር፤ ግን ሳይመዝን ከፈተው። ክብደት ሲጨምር እሳቱ በብርጭቆው አልፎ ገባ ብሎ ደመደመ። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዚዬ በ1774 ሳይከፍት መዘነ። ክብደቱ ንቅንቅ አላለም። ሲከፍተው አየር ሽው ብሎ ገባ፣ ያኔ ከበደ። ጉዳዩ በሙሉ ያለው ከፍቶ በመመዘንና መዝኖ በመክፈት መሃል ነው።

በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ስኳር፣ ውሃና እርሾ መዝኖ ሲብላላ የወጣውንም መዘነ። በዛሬ አጠራር እንዲህ ጻፈው፦ የወይን ጭማቂ = ካርቦን ዳይኦክሳይድ + አልኮል። ጠጅ የሚጥሉ እናቶቻችን ጋኑ ላይ የሚያዩት አረፋ ያው ጋዝ ነው። የመጽሐፉን ሥዕሎች የሠራችው ባለቤቱ ማሪ አን ናት፤ የኪርዋንን የፍሎጂስተን መጽሐፍም ከእንግሊዝኛ ተርጉማዋለች። ስሟን ግን ስንቶቻችን እናነሳዋለን?

ላቮዚዬ በንጉሡ ዘመን ግብር በሚሰበስብ ድርጅት ውስጥ ባለድርሻ ነበር። ሕዝቡ ድርጅቱን አምርሮ ይጠላው ነበር። አብዮቱ መጣና በ50 ዓመቱ፣ ሜይ 8 ቀን 1794 እ.ኤ.አ.፣ አማቹን ጨምሮ ከሌሎች 27 ሰዎች ጋር በጊሎቲን ተገደለ። ዳኛው «ሊቅ አያስፈልገንም» አለ እየተባለ የሚዞረው ወሬ ማስረጃ የለውምና ሼር ባታደርጉት ደስ ይለኛል።

ፊደላቱን የሰጠን ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ስዊድናዊው በርዜሊየስ ነው። ከላቲን ስለወሰደ ነው አይረን ኤፍ ኢ፣ ሶዲየም ኤን ኤ የሆነው (በየዓመቱ ነው የምጠየቀው!)። ትንሿን ቁጥር እሱ ከላይ ነበር የሚያስቀምጣት፤ ወደ ታች ያወረዳት ጀርመናዊው ሊቢግ ነው።

ያቺ ትንሿ ቁጥር የምትነግረን ነገሩ ምን እንደሆነ ነው። የፊቱ ቁጥር ደግሞ ስንት እንዳለ። 2 ኤች ቱ ሲደመር ኦ ቱ፣ 2 ኤች ቱ ኦ ይሰጣል፦ 4 ግራም ሃይድሮጅን፣ 32 ግራም ኦክስጅን፣ 36 ግራም ውሃ። 9ኛ ክፍል ታናሽ ያላችሁ ዛሬ ማታ ግራሙን አስደምሩት።