የማይታየውን ለማየት የተመረጠው መሣሪያ

በዚህ የታሪክ ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አመራረጥ ነው። ነገሩ ለሐዴራ ነዋሪ ሩቅ ቢመስልም ልጆቻችንን ይነካልና በትዕግሥት እንድታነቡልን እንጠይቃለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፊዚክስ ሊቃውንት ከአቶም የሚያንሱትን ቅንጣቶች በዓይናቸው አያዩም። እረኛ ኮቴውን አይቶ የትኛው አውሬ እንዳለፈ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ እነርሱም የሚመረምሩት ዱካውን ነው። ዶናልድ ግሌዘር በ1952 የፈለሰፈው መሣሪያ ቅንጣቱ ያለፈበትን መስመር በፈሳሽ ውስጥ በአረፋ ያሳይ ነበር። ፎቶግራፎቹንም ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ አንድ በአንድ እያዩ ይለኩ ነበር። በኋላ ምዝገባው በኤሌክትሮኒክስ ሲሆን ዱካው የቁጥር ክምር ሆነ። ቁጥሩን ወደ ሥዕልና ግራፍ የሚለውጥ ፕሮግራምም የግድ አስፈለገ።

በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ አጋማሽ ፓው የተባለ ፕሮግራም ተሠርቶ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። በ1990ዎቹ ግን ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው አዲስ የቅንጣት ማጋጫ ዝግጅት ሲደረግ፣ ፓው እንደማይበቃ ታወቀ። ከነጋዴ እንግዛ ወይስ ራሳችን እንሥራ የሚል ክርክርም ተነሣ። የሰርን ይፋ ዕቅድ በአብዛኛው በሚገዙ ፕሮግራሞች ላይ ያተኮረ ነበር። ሬኔ ብሩን እና ፎንስ ራደማከርስ ግን ኤንኤ49 በተባለው ሙከራ ውስጥ ሆነው በ1995 ሩት የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ሩት በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እየተጠቀሙ፣ ጉድለቱን እየነገሩ፣ ማሻሻያ እየላኩ አሳደጉት። በ1998 የአሜሪካው ፌርሚላብ መረጠው፤ በኋላም ሰርን ተቀበለው። ጁላይ 4 ቀን 2012 የሒግስ ቅንጣት መገኘት ሲበሠር ሳይንቲስቶቹ ለዓለም ያሳዩአቸው ግራፎች በዚሁ በሩት የተሠሩ ነበሩ።

ሩት ያሸነፈው ሥዕሉ ስላማረ ብቻ አልነበረም። የሳይንስ መረጃ ከሰበሰቡት ሰዎች ዕድሜ በላይ መኖር አለበት። ቁልፉ በአንድ ነጋዴ እጅ ከሆነ፣ ነጋዴው ሱቁን በዘጋ ቀን መረጃውም አብሮ ይዘጋል። የሩት አሠራር ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም።

ይህ ሥራ ከአገራችን የራቀ አይደለም። ከሐዴራ በስተ ደቡብ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲና የሬሖቮት ዋይዝማን ኢንስቲትዩት፣ በስተ ሰሜን የሐይፋ ቴክኒዮን በሰርን የአትላስ ሙከራ ተካፋዮች ናቸው። ከአትላስ የቅንጣት መመዝገቢያዎች ከፊሎቹ የተሠሩት በዋይዝማን ነው። እስራኤል በ2014 የሰርን ሙሉ አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ሰርን ከመረጃው ከፊሉን ለሕዝብ ከፈተ።

እንግዲህ የእኛም ልጅ በቤቱ ኮምፒዩተር ያንኑ መረጃ በዚያው መሣሪያ ማየት ይችላል። መሣሪያው ተከፍቷል፤ የሚቀረው የሒሳብና የፊዚክስ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችን ለባግሩት በስንት ዩኒት ሒሳብ እንደተመደበ፣ ለምንስ እንደሆነ፣ ጊዜው ሳያልፍ መምህሩን እንጠይቅ።