መንጀኒቅና ወንጭፍ፦ የጧኢፍን ከበባ ከደቡብ ጎንደር ደጋ ሆኖ ማንበብ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሑነይን ዘመቻ በኋላ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 630) ጧኢፍን በከበቡ ጊዜ በከተማዪቱ ቅጥር ላይ መንጀኒቅ መተኮሱን የሲራ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በ218 ዓ.ሂ. ያረፈው ኢብን ሂሻም ይህን የሚነግረን የነጋሪውን ስም ሳይጠራ፣ ከሚያምነው ሰው መስማቱን ብቻ ገልጾ ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ207 ዓ.ሂ. ያረፈው አል-ዋቂዲ ደግሞ ሐሳቡን ያቀረቡትም መሣሪያውን በገዛ እጃቸው የሠሩትም ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ናቸው የሚል ዘገባ ያስተላልፋል። መንጀኒቁን ሌሎች ሰዎች ይዘውት እንደመጡ የሚናገሩ ዘገባዎችንም አብሮ አስፍሯል። ኢብን ኢስሐቅ እንደሚለው ከበባው የቆየው ሃያ ሌሊት ጥቂት ያለፈ ጊዜ ነው። ታዲያ አንድ ሰው በጦር ሰፈር፣ በእነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ፣ መንጀኒቅ ሊሠራ ይችላልን?

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ይህ ጥያቄ ሲነሣ አድማጭ ፈጥኖ የሚያስበው መድፍን ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ የውጭ ሰዎች ሰብስበው፣ ምድጃ አሠርተው፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነውን ሴባስቶፖልን አስቀልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1867 ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በየገደሉ መንገድ እየጠረጉ እስከ መጋቢት 1868 ድረስ ወደ መቅደላ አስጐትተውታል። ከባድ መሣሪያን በዚህ ሚዛን የሚለካ አንባቢ የአል-ዋቂዲን ዘገባ ተረት ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን መንጀኒቅ ከጋፋት ይልቅ ለወንጭፍ ይቀርባል።

ቃሉ ወደ ዐረብኛ የገባው ከግሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ የሂጅራ ዘመናት የታወቀው መንጀኒቅ ባሩድም የሚቀልጥ ብረትም አያሻውም ነበር፤ የሚንቀሳቀሰው በሰው ጉልበት ነው። ረጅም እንጨት በአግዳሚ ላይ ይጋደማል። በአጭሩ ጫፍ ብዙ ገመድ ይታሰራል፤ በረጅሙ ጫፍ ድንጋይ የሚይዝ ወንጭፍ ይንጠለጠላል። ሰዎች ገመዱን በአንድነት ቁልቁል ሲስቡ ረጅሙ ጫፍ ሽቅብ ይወረወራል፤ ወንጭፉም ዞሮ ድንጋዩን ይለቃል። ከሰው ይልቅ በተንጠለጠለ ክብደት የሚሠራውን ዓይነት በ6ኛው መቶ ዓመተ ሂጅራ አል-ጠርሱሲ ለሰላሑዲን በጻፈው መጽሐፍ «የፋርስ መንጀኒቅ» ብሎ ገልጾታል፤ ይህ ግን ከጧኢፍ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተጻፈ ነው።

ይህን ለተማሪዎች በቃል ማስረዳት ስላዳገተን አነስተኛ ምሳሌ አሠርተናል። ያስፈለገን በየቤቱ የሚገኝ ነው፦ ሁለት ባላ፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ ዘንግ፣ ሲባጎ፣ ምስማርና የአሮጌ ጫማ ቆዳ። ዘንጉ ከአንዱ ጫፍ ሃያ ሳንቲ ሜትር ላይ ተበስቶ በአግዳሚው ላይ ዋለ። የወንጭፉ አንዱ ማሰሪያ በረጅሙ ጫፍ ላይ ጠብቆ ታሰረ፤ ሌላው ቀለበት ተደርጎ በምስማሩ ላይ ብቻ ተንጠለጠለ። የምንወረውረው የደረቀ የጭቃ ድቡልቡል ነበር፤ ከፊት ለፊትም ከኋላም ሰው እንዳይቆም አድርገናል። ምስማሩ ቀጥ ሲል ወንጭፉ ቀድሞ ስለሚለቅ ድቡልቡሉ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲጐብጥ ደግሞ ዘግይቶ ይለቅና ምድር ይመታል። ይህን ያለ ማብራሪያ የተረዱት ማማ ላይ ሆነው ወፍና ዝንጀሮ ሲያባርሩ ያደጉት ተማሪዎች ናቸው። በእጅ ወንጭፍም አንዱ ጫፍ በጣት ይጠመዳል፣ ሌላው በጊዜው ይለቀቃል፤ ምስማሩ የጣቶቻቸውን ሥራ እንደሚሠራ ወዲያው አዩ።

ያልጠበቅነው ችግር የመጣው ከሳቢዎቹ ነው። ሁለት ተማሪዎች ሲባጎውን እኩል ባልሳቡ ቁጥር ዘንጉ ይጣመማል፣ ድቡልቡሉም ወደ ጎን ይሄዳል። ወንጭፉን ይዞ የሚለቀው ሦስተኛው ልጅም ከእነርሱ ጋር ካልተስማማ ጉልበቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በሁለት ልጆች እንዲህ ከሆነ በመቶዎች እንዴት ይሆን? አል-በላዙሪ «ዐሩስ» (ሙሽራዪቱ) ተብላ የተጠራችውን፣ ሙሐመድ ኢብን አል-ቃሲም በደይቡል የተጠቀመባትን መንጀኒቅ አምስት መቶ ሰዎች ይስቧት እንደነበር ጽፏል። ቁጥሩ ቢጋነን እንኳ የሠለጠነ ጭፍራ ማስፈለጉን ያሳያል።

እንግዲህ ሰልማን (ረ.ዐ.) መንጀኒቁን በእጃቸው ሠሩ መባሉ በእንጨት ሥራ በኩል የሚያስነቅፈው የለም። መሣሪያው መሠራት መቻሉ ግን መሠራቱን አያረጋግጥም፤ የኢስናዱ ድካም በዘንግና በሲባጎ አይጠገንም። ይልቁንም ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ በዚያ ሰፈር ገመዱን በአንድነት መሳብ የሚያውቁት እነማን ነበሩ? አል-ዋቂዲ ያሰፈራቸው፣ መሣሪያው ከሌላ መጣ የሚሉት ዘገባዎች ሊመረመሩ የሚገባቸው ከዚህ አንጻር ይመስለናል፤ መንጀኒቅ ይዞ የሚመጣ ሳቢዎቹንም ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

ስለ ከበባው ፍጻሜ ግን ዘገባዎቹ ይስማማሉ። በደባባ ተከልለው ወደ ቅጥሩ የተጠጉት ሙስሊሞች ሰቂፎች የጋለ ብረት ስላወረዱባቸው ከሥሩ ወጡ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከተማዪቱ ሳትከፈት ከበባውን አንሥተው ተመለሱ። የሰቂፍ መልእክተኞች መዲና የደረሱትና እስልምናን የተቀበሉት በቀጣዩ ዓመት፣ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው።