የግቢ ንጣፍ

የግቢ ንጣፍ ከቤት ደጃፍ እስከ አጥር ያለውን ክፍት ቦታ፣ የመኪና ማቆሚያን፣ በአንዳንድ ቤትም የመዋኛ ገንዳ ዙሪያን የሚሸፍን የድንጋይ፣ የሲሚንቶ ወይም የታይል ሥራ ነው። የቀድሞው ግቢ የተጠቀጠቀ አፈር ነበር። አውድማና የቤት ወለል ደግሞ በእበት ይለቀለቅ ነበር።

ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ከመልክና ከዋጋ ይጀምራል። መጀመር የነበረበት ግን ግቢው ከሚሰጠው አገልግሎት ነው። በርበሬ ይሰጣበታል፣ በግ ይታረድበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን ይተከልበታል። በአዲስ አበባ በልደታ ማርያም ደብር ስም በሚጠራው ሰፈር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ግንቦት 1 ቀን የሚውለው የልደታ በዓል በትውፊት የሚከበረው ከቤት ውጭ ነው። ሐና እመቤታችን ማርያምን የወለደቻት በሊባኖስ ተራራ ነው ስለሚባል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ላይ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቡና ያፈላል። ለዚህ ቀን ታይል ክፉ ንጣፍ ነው፤ ጉልቻ ተጎልቶ እሳት ከነደደበት ይሰነጠቃል። ጥቁር ድንጋይ ግን ጥላሸቱ በውኃ ከታጠበለት ሌላ ጣጣ የለበትም።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከተማዋ በብዙ ቦታ የተቀመጠችበት ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። በላዩ የተነጠፈው ሁሉ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይሰምጣል። ስለዚህ ዋልካው ተዝቆ ወጥቶ ሰሌክት በሚባለው የሙሌት አፈር መተካት አለበት። ሰሌክቱም በአንድ ጊዜ ተገልብጦ አይተውም፤ በስስ በስሱ እየተዘረጋ፣ ውኃ እየተርከፈከፈ ይጠቀጠቃል። ባለቤቱ የማያየው ሥራ ይኸው ነው፤ ወጪ የሚቀነሰውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ላይ ነው። ከላይ ያለው ንጣፍ ደግሞ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ውኃውን ከቤቱ ግድግዳ ማራቅ አለበት።

ኮብልስቶን ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች በሰፊው የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ድሬዳዋ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ) እገዛ ከጀመሩት አንዷ ናት። በአዲስ አበባ ሥራው ለብዙ ሺህ ወጣቶች እንጀራ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንም ስለተሠማሩበት ቃሉ ራሱ ሥራ ላጣ ባለዲግሪ መቀለጃ እስከመሆን ደረሰ፤ ቀልዱ ሙያውን በድሎታል። ድንጋይ መጥረብ ቀላል አይደለም። ጠራቢው ጥቁሩን ድንጋይ አገላብጦ የሚፈለጥበትን ሥር ይፈልጋል፣ በመዶሻ መትቶ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ወደሚጠጋ ኩብ ያወርደዋል። አንጣፊው ደግሞ በተወጠረ ሲባጎ ፊት አሸዋ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጁ ያዞራል፤ ለጥ ያለው ፊት ወደ ላይ መዋል አለበት። አስቀምጦ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታዋል፤ ድምፁ ደፈን ካለ ተቀምጧል፣ ካንቀጨቀጨ አሸዋው ጎድሎታል።

በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ ከዝናቡ የተወሰነውን ወደ መሬት ያሳልፋል፤ የድንኳን ካስማም ቢሆን አንድ ድንጋይ ነቅሎ መትከል ይቻላል። ጉድለቱ ወለሉ ሸካራ መሆኑ ነው። ምርኩዝ ለያዙ አረጋውያንና ለተሽከርካሪ ወንበር አይመችም፤ በርበሬ ያሰጣችም ሴት ከየስንጥቁ መልቀም ይጠብቃታል።

ለስጥ የሚመቸው የሲሚንቶ ወለል ነው። ለእግረኛ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል፤ መኪና የሚቆምበት ከሆነ ብረት ያስፈልገዋል። በየሦስት ሜትሩ ገደማ ክፍተት ካልተተወለት ስንጥቁን ራሱ ያወጣል። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ መጠጣት አለበት፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ውኃውን ማቋረጥ የተለመደ ጥፋት ነው። ቴራዞና እምነበረድ ያማሩ ናቸው፤ ተወልውለው ዝናብ ሲያርፍባቸው ግን ያንሸራትታሉ። እምነበረድ ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው ደግሞ ይደበዝዛል።

የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ላለው ግን ደንቡ ይለወጣል፤ እግሩ ባዶ፣ ወለሉም ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጥቁር ድንጋይ በፀሐይ እግር ያቃጥላል፣ የተወለወለም ይጥላል። ስለዚህ ፈካ ያለ ቀለም ያለውና ፊቱ ያልተወለወለ ድንጋይ ወይም ሸካራ ታይል ይመረጣል፤ ዝቅታውም የታጠበው ቆሻሻ ወደ ገንዳው እንዳይመለስ ወደ ውጭ ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ሲፈነዳ ልዩነቱ እንደገና ይወጣል። የሲሚንቶው ወለል ተሰብሮ ይጠገናል፣ ጥገናውም ከነቀለሙ እንደ ተጣፈ ልብስ ይታያል። ኮብልስቶኑ ተነቅሎ ከዳር ይከመራል፣ ቧንቧው ይጠገናል፣ ያው ድንጋይ ይመለሳል። አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ከተመለሰ ግን በመጀመሪያው ክረምት ቦታው ይሰረጉድና ውኃ ያቁራል።