የጥርስ ዋጋ

«ጥርስ በጥርስ» ሲባል ስለ በቀል የሚወራ ይመስለናል። የጥንቶቹ ሕግ አውጪዎች ግን ስለ ዋጋም ጭምር ነበር የሚያወሩት። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ከ3,700 ዓመት ገደማ በፊት ባስቀረጸው ሕግ፣ ሰው የእኩያውን ጥርስ ቢያወልቅ የራሱም ይወልቃል፤ ጥርሱ የተራ ሰው ከሆነ ግን የአንድ ምናን ሢሶ ብር ከፍሎ ይገላገላል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ከዚህም ይከብዳል፤ የባሪያውን ጥርስ ያወለቀ ጌታ ስለ ጥርሱ አርነት ያወጣዋል። አንዲት ጥርስ የአንድ ሰው ነጻነት ዋጋ ነበረች ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ በጠብ ስለወለቀ ጥርስ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የሚነቅለውስ? ሐሙራቢ ለሐኪምም አልራራም፤ በቢላዋው የባላባት ዓይን ያጠፋ ሐኪም እጁ ይቆረጥ ይላል። እኛ ዘንድ ወጌሻው በጉጠት ሲመነግል ከታመመው ጎን ያለውን ጤነኛ ቢያወልቅ «እጁ ከባድ ነው» ይባላል፣ መንደርተኛው ወደ ሌላ ይሄዳል፣ አለቀ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ ወደ ወረቀት አመጣው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ፣ ከቁጥር 2639 ጀምሮ የሕክምና ውልን ለብቻው አስቀምጠውታል። ሐኪም አድናለሁ ብሎ በጽሑፍ ካልገባ በቀር ለመዳንህ ዋስ አይደለም፤ በሙያው ደንብ ሲለካ ካጠፋ ግን ይጠየቃል። ቁጥር 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙን ለሠራተኞቹ ጥፋት ተጠያቂ ያደርጋል። መቼም በዚያ ዘመን የጥርስ ሐኪም ፊቱን አይቶ የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር?

አንድ ወዳጄ ሐኪሙ ጤነኛ ጥርሱን ነቅሎ የታመመውን ትቶበት «ልክሰስ ወይ?» ብሎ ሲያማክረኝ ነው ሕጉን የገለጥኩት። መብቱ አለ። ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። ደረሰኝ አልተቀበለም፣ ራጁ ክሊኒኩ ውስጥ ቀርቷል። ጥርሱስ? «እዚያው ትሪው ላይ ተውኩታ!» አለኝ። የወለቀ ጥርሳችንን ጣሪያ ላይ እየወረወርን ያደግን ሰዎች አይደለን፣ ምን ይደረግ!

ሐኪሙ የሙያውን ደንብ ጥሷል ብሎ ለዳኛው የሚያስረዳውም ሌላ ሐኪም ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲያቋቁም አቤቱታ የሚመረመርበት በር ከፍቷል። ያም ቢሆን ኮሚቴው ጥፋት አለ የለም ይላል እንጂ ካሳ አይቆርጥም፤ ካሳው የፍርድ ቤት ነው። በእኔ ግምት የሥራ ባልደረባን በጽሑፍ «አጥፍተሃል» ማለት በኛ አገር ከጥርስ መንቀል ይከብዳል።

ጊዜም አለ። ክሱ በውል ላይ ከቆመ ይርጋው 10 ዓመት ነው። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ከሆነ ቁጥር 2143 የሚሰጠው 2 ዓመት ብቻ ነው፤ የትኛው ነው የሚለው ራሱ ጠበቆችን ያከራክራል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቁጥር 2116 ነው። የተተኪው ጥርስ ወጪ በደረሰኝ ይቆጠራል፤ አፍን በእጅ ሸፍኖ መሳቅ፣ ሰው ፊት መናገር ማፈርስ? ሕጉ ይህን የኅሊና ጉዳት ይለዋል፤ በዚያ አንቀጽ ለዚህ የሚቆረጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ስለነበር 400 ዶላር ያህል ነው፣ የሚያስከብር ገንዘብ። ብሩ ዋጋውን ጥሎ ሲሮጥ አንቀጹ ግን ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቆመ። ሐሙራቢ በብር ማዕድን መመዘኑ ብልሃት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ለወዳጄ ሳነብለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። እስካሁን አልከሰሰም። 2 ዓመቱ ሊሞላ አራት ወር ይቀረዋል።