ደራሽና ቋጪ

የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደውሎ ስለ ቤዝቦል ሲያጫውተኝ «የእርዳታ ወርዋሪ» የሚል ነገር ጣል አደረገ። ለእኔ የታየኝ የስንዴ ጆንያ ነው። እንግሊዝኛው «ሪሊፍ» እኛ ዘንድ ከ77ቱ ድርቅ ወዲህ ከእህል ጋር ተጣብቋል። የቃሉ ሥር ግን ማንሣት፣ ሸክም ማቅለል ነው፤ የደከመ ዘብን ሌላ ሲተካውም እንግሊዞቹ ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ። በቤዝቦልም ጀማሪው ወርዋሪ ክንዱ ሲዝል የሚገባው ይህ «የእርዳታ ወርዋሪ» ነው። «ድረሱልኝ!» ሲባል የሚመጣውን እኛ ምን እንለዋለን? ደራሽ! ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም።

የመጨረሻውን ዙር የሚይዘውን «ክሎዘር» ደግሞ «ዘጊ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ዘጊ ለሱቅ ይሁን። እናቴ ከሸማኔ የመጣውን ጋቢ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ክር በጣቷ እየገመደች ትቋጭ ነበር። ያልተቋጨ ጋቢ ይተረተራል፤ በዘጠነኛው ዙር የተያዘ መሪነትም እንዲሁ። ስለዚህ እኔ «ቋጪ» እለዋለሁ።

የፓናማው ዓሣ አጥማጅ ልጅ ማሪያኖ ሪቬራ ለኒውዮርክ ያንኪስ እ.ኤ.አ. በ1995 በጀማሪነት ገባ፤ በዓመቱ ደራሽ፣ በ1997 ቋጪ ሆነ። በ2013 እስኪሰናበት፣ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ እጥፍ በምትል አንዲት ውርወራ፣ 652 ድል ቋጨ። በ2019 ለክብር አዳራሽ ሲታጭ ድምፅ የሰጡት የቤዝቦል ጸሐፊዎች አንድም ሳይቀሩ መረጡት፤ ከእሱ በፊት ይህን ያገኘ የለም።

«ዘጊ» ብዬ ልጠራው አንደበቴ እምቢ ይላል።