አኝዋክን «ጥቂት» ያደረገው ወሰን

የጋምቤላ ቋንቋዎች ነገር ሲነሣ ክርክሩን የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ክልሉ 307,096 ነዋሪ ነበረው፤ ኑዌር 47 በመቶ፣ አኝዋክ 21 በመቶ ገደማ። ለ65 ሺሕ ሰው መጽሐፍ ማሳተም አያዋጣም ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ቁጥሩን አልከራከርበትም። የተቆጠረው ግን ከወሰን ወዲህ ያለው ብቻ ነው፤ ወሰኑን ያሰመሩት ደግሞ አኝዋኮች አይደሉም። አኝዋክኛ በጽሑፍ ወደ ኋላ የቀረው ተናጋሪ አጥቶ ሳይሆን፣ ተናጋሪው በሁለት መንግሥታት መዝገብ ተከፍሎ በሁለቱም ዘንድ «ጥቂት» ተብሎ ስለቀረ ነው ባይ ነኝ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች የተፈራረሙት ውል የሱዳንን ወሰን ሲያበጅ የባሮን፣ የፒቦርንና የአኮቦን ወንዞች ተከተለ። ወንዝ ለካርታ ሠሪ ምቹ ነው። ለአኝዋክ ግን ወንዝ መንደር የሚቆረቆርበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት፣ እርሻ የሚታረስበት እንጂ አገር የሚያልቅበት አልነበረም። ያው ውል በሌላ አንቀጹ፣ በኢታንግ አካባቢ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስከቆየች ድረስ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ሸቀጣቸውን ያራግፉና ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደውን ቡና ይጭናሉ፤ ውሃው ሲጎድል ወደቡ ጭር ይላል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃና ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በአኝዋክ መሬት ላይ የተቆረቆረች ከተማ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ደብዳቤዋንና የቀረጥ ደረሰኟን በባዕድ ቋንቋ ስትጽፍ ኖረች።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩት ትሲምሺያኖች በሃድሰን ቤይ ኩባንያ የንግድ ምሽግ፣ በፎርት ሲምፕሰን ዙሪያ ሰፍረው ሳለ፣ ዊልያም ደንከን የተባለ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1857 መጥቶ ቋንቋቸውን ተማረ፤ በቋንቋቸውም ሰበከ። እ.ኤ.አ. በ1887 ከቤተ ክርስቲያኑ አለቆች ጋር ሲጣላ ወደ 800 የሚጠጉ ተከታዮቹን ይዞ ወደ አላስካ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ከፊሉ ትሲምሺያን በካናዳ፣ ከፊሉ በአሜሪካ ተቆጠረ። ዛሬ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩት በሁለቱም ወገን ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። አኝዋክኛ ገና እዚያ አልደረሰም፤ በቤትም በሜዳም የሚነገር ቋንቋ ነው። የአከፋፈሉ መንገድ ግን ይመሳሰላል።

ወሰኑ ጽሕፈቱን እንዴት እንደከፈለው ማየት ይቻላል። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ከሱዳን ወገን፣ አኮቦ ላይ ሲሠራ አኝዋክኛን በላቲን ጻፈ። ከሚሲዮናውያኑ አንዱ ዶን ማክሉር በ1940ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ በባሮ ዳር ፖክዎ ላይ ሲሰፍር ያገኘው ሌላ ሕግ ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ ነበር፤ አኝዋክኛም ወዲህ ማዶ በግእዝ ፊደል መጻፍ ያዘ። ምርጫው የቋንቋው ጠባይ ያስገደደው ነው እንዳይባል፣ ሁለቱም ጽሕፈቶች ይጎድላቸዋል። አኝዋክኛ ምላስ ጥርስ ላይ አርፎ የሚወጣውን «ት» ድድ ላይ ከሚወጣው ይለያል፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታም ትርጉም ይለውጣል። የእኛ ፊደል ለሁለቱ «ት» መለያ የለውም፤ ላቲኑም ከፍታውን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

አኝዋክ ከውሉ በፊትም በኑዌር መስፋፋት መሬቱን ሲያጣ ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ መሬት ለቋል። ግን በመቶ ዓመቱ መባቻ ከደጋ በመጣው ጠመንጃ አንሰራርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 እንግሊዞች የላኩበትን ጦር ክፉኛ እስከ መምታት ደረሰ። ጦርነት መሬት ይወስዳል እንጂ አንዱን ቋንቋ በሁለት ፊደል አያስጽፍም። የኑዌር ዕጣም ራሱ ይመሰክራል፦ ዛሬ ከወሰኑ ማዶ ባለችው በደቡብ ሱዳን ከዲንካ ቀጥሎ ትልቁ ሕዝብ ኑዌር ነው፤ ሆኖም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች ውስጥ ኑዌርኛም አኝዋክኛም አልነበሩም። ወዲህ ያለው ብቻ ሲቆጠር ትልቁም ያንሳል።

አማርኛ ያገናኘናል የሚሉትም አልተሳሳቱም። አኝዋኩ፣ ኑዌሩና ደገኛው የሚገበያዩበት ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነው። ይህ ግን የመገበያያን ጥያቄ ይመልሳል እንጂ ልጅ በምን ቋንቋ ማንበብ ይጀምር የሚለውን አይመልስም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ትምህርት ቤቶች አኝዋክኛ በላቲን ይሰጣል። ስለዚህ ወዲህ ላለችው ለአቦቦም ማዶ ላለችው ለፖቻላም የሚሆን አንድ መጽሐፍ እንዳይታተም ዛሬ እንቅፋቱ ፊደሉ አይደለም፤ የትምህርት በጀት በየአገሩ የሚመደብ መሆኑ ነው።