ከእንጦጦ ግርጌ የተነሣው አፈር

እስኪ ጠጋ በሉና የአንድ ክምር አፈር ጉዞ ልንገራችሁ። የሳይቱን ስም አልጠራም። ይህ ነገር በየክረምቱ በብዙ ሳይት የሚሆን ነውና የትኛው ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ በሰፈራችሁም አይታችሁታል።

ወሩ ግንቦት ነው። ቦታው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቁልቁል ወደ ቀበና ወንዝ የሚያይ ተዳፋት። እስካቫተሩ መጣና ሣሩን ከነቁጥቋጦው ገፈፈው፤ መሠረቱንም ቆፈረ። የወጣው አፈር ገልባጭ መኪና እስኪመጣ ተብሎ ከአጥሩ ውጭ፣ ልክ ከመንገዱ ቦይ አፍ ላይ ተከመረ።

ዘበኛው አረጋዊ ናቸው፤ አገር ቤት ሲያርሱ የኖሩ። ክምሩን አዩና ፎርማኑን ጠሩት።

«ልጄ፣ ይሄ አፈር እኮ የውሃውን መንገድ ዘጋው። ሰማዩም ከብዷል።»

«አባባ፣ ነገ መኪና ይመጣል፤ እናነሣዋለን» አላቸው።

መኪናው በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ሰኔ ገባ፤ ሚካኤል አለፈ፤ ሰኔ 26 ቀን ዘመነ ክረምት ተባለ። ክምሩ እዚያው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነውና። የዝናብ ጠብታ ሣር ላይ ሲያርፍ ጉልበቱን ሣሩ ይቀበለዋል። እርቃኑን በቀረ አፈር ላይ ሲያርፍ ግን ጓሉን ይሰባብረዋል። የተፈረፈረው ደቃቅ ጭቃ የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃው መስረጉን ትቶ ቁልቁል ይሮጣል። በሮጠ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል፤ መጀመሪያ ዱቄቱን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል።

ደግሞ ስሌቱን ስሙ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። የሳይቱ ስፋት 1,000 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 30,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 10,000 ሊትር የሚይዙ ሦስት ቦቴዎች እዚያች ቦታ ላይ ተገለበጡ ማለት ነው። ከበላይ ካለው ተዳፋት የሚመጣው ገና አልተቆጠረም። አዲስ አበባ ላይ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው።

ክምሩ ተነሣ። መኪና ያላነሣውን ጎርፍ አነሣው። ቦዩን ሞላ፣ ማንሆሉን ደፈነ፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ አስፋልቱን ተሻግሮ ከታች ባሉት ቤቶች በር ገባ። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰ ድንገተኛ ጎርፍ 7 ሰዎች ሞተዋል። የዚያን ቀን ሐዘን በግንባታ አፈር ብቻ አላመካኝም። ግን ግማሹ በደለል የተሞላ ቱቦ የሚያሳልፈው ውሃ ከግማሽ አይበልጥም፤ ይህን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

አፈሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ከቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ገባ፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወደሚገናኙበት ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ወረደ። አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከርሞ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ሥራ ጀመረ፤ ደለሉ ግን ዛሬም ይወርድበታል። እዚያ ያልቀረው አዋሽን ተከትሎ ቆቃ ይደርሳል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብም ውሃ ይይዝ ከነበረው ሆዱ ጥቂት የማይባለውን ለደለል ለቋል። በርግጥ አብዛኛው የቆቃ ደለል ከእርሻና ከተራቆተ ተራራ የሚመጣ ነው፤ የእኛ ሳይት ክምር ግን አብሮ ተኝቷል።

አሁን ወደ ግንቦት እንመለስ። ዘበኛው አባት መፍትሔውን ያውቁት ነበር። የጎጃምና የጎንደር ገበሬ ከማሳው ራስ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያወጣል፤ ውሃው ማሳውን ሳይነካ ዞሮ እንዲያልፍ። ሳይትም ላይ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው፦ ከበላይ የሚመጣውን ውሃ ከተቆፈረው መሬት ማራቅ። ቀጥሎ ለዛሬ የሚሠራበትን ብቻ መግፈፍ፤ የቀረውን ሣር መተው። ክምሩን ከቦይ አርቆ በሸራ መሸፈን። መኪና የሚወጣበትን በር ድንጋይና ጠጠር ማልበስ፣ ጎማ ጭቃውን አስፋልት ላይ እንዳያራግፍ።

ከሳይቱ በታች በኩል ደለሉን የሚያስቀር ጨርቅ በችካል ይወጠራል። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጨርቁ እግር አፈር ውስጥ ካልተቀበረ ውሃው ከሥሩ ሾልኮ ይሄዳል፤ ያኔ ጨርቁ ለታይታ ቆመ እንጂ አልሠራም። ጎርፍ ተሰብስቦ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተወጠረም ይገነደሳል፤ እዚያ የሚሆነው የድንጋይ ክትርና ውሃው አርፎ ደለሉን የሚጥልበት ኩሬ ነው። ኩሬውም ሁሉን አይችልም። አሸዋ በደቂቃዎች ይዘቅጣል፤ ደቃቁ ጭቃ ግን ለቀናት ተንሳፎ ይቆያል። ስለዚህ አፈሩን ከተነሣ በኋላ ከማሳደድ መጀመሪያውኑ እንዳይነሣ መያዝ ይሻላል፤ ወጪውም ያንሳል።

አንድ ነገር ያንገበግበኛል። በየዓመቱ በበጋው ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ተራራ ላይ እርከን ይሠራል፤ እናቶች ልጅ አዝለው ድንጋይ ያነሣሉ። በዚያው ዓመት ከተማ ውስጥ ተዳፋቱ ተገፎ ለክረምት ይሰጣል። በአሜሪካ 0.4 ሄክታር ገደማና ከዚያ በላይ መሬት የሚነካ ግንባታ የጎርፍና የደለል መከላከያ ዕቅድ ሳይዝ ቁፋሮ አይጀምርም። አፈር መያዝ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እርከኑን ከእነሱ አልተማርንም፤ የኮንሶ እርከን በ2003 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ፎርማኑን ብቻ አልወቅስም። የመቀልበሻ ቦይ፣ የጨርቅ አጥርና ኩሬ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ዋጋ ከሌላቸው በማን ገንዘብ ይሥራው? ባለቤቶችና አማካሪ መሐንዲሶች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው፦ ለእነዚህ ሥራዎች በውሉ ላይ ዋጋ ጻፉላቸው፤ እነሱ ሳይሠሩም የቁፋሮ ክፍያ አታጽድቁ።